በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙ አነጋገሮች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመምህራን፣ በወላጆችና በተማሪዎች ጉባኤ ፊት የተነገረ)



 እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የመረጥነው ርእስ ስለ ሩቅ አገር ነው፤ ይኸውም በፓኪስታን ውስጥ በፑንጃብ ክፍለ ሀገር ስለሚገኘው ስለ ሳሂዋል አውራጃና በዚያ ስለሚሰሙት ልዩ ልዩ አነጋገሮች ነው።

ርእሱ ከእኛ ኑሮ የራቀ ነው የሚል ቢኖር ምክንያታችንን እናስረዳለን። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት ከሕንድ አገር የመጡ ብዙ መምህራን በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። ከአያቶቻችን መካከል የሒሳቡንና የሳይንሱን ትምህርት ከእነርሱ የተቀበሉ አሉ። መምህራኑ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ የሰማ ሰው «ሕንድኛ ይናገራሉ» ብሎ ያልፍ ነበር። ነገር ግን ሕንድኛ የሚባል አንድ ቋንቋ በዓለም ላይ የለም። ሩቅ ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው ብዙው አንድ ይመስለዋል፤ ቀርቦ ለሚያዳምጥ ግን አንዱ ብዙ ይሆንበታል። እኛም ዛሬ ለመላው የሕንድ ምድር ሳይሆን ለአንድ አውራጃ ብቻ ቀርበን ለማዳመጥ አስበናል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፑንጃብ የሚለው ስም ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «አምስት ውሃ» ማለት ነው። አምስቱም ውሃዎች ጄለም፣ ቼናብ፣ ራቪ፣ ቢያስና ሳትለጅ የተባሉት ወንዞች ናቸው። ይህ ለም አገር በነሐሴ ወር 1947 ዓ.ም. እንግሊዞች ሕንድን ለቀው ሲሄዱ ለሁለት ተከፈለ፤ ምሥራቁ ለሕንድ፣ ምዕራቡ ለፓኪስታን ሆነ። ሳሂዋል ከላሆር ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በራቪና በሳትለጅ መካከል ባለው ሜዳ ላይ ይገኛል። ከተማው በ1860ዎቹ የላሆርና የሙልታን የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ የተቈረቈረ ነው። ሮበርት ሞንትጎመሪ በተባለ የእንግሊዝ መንግሥት ገዥ ስም ሞንትጎመሪ ሲባል ቈይቶ፣ በ1960ዎቹ ዓመታት ሳሂዋል ተባለ። የቀድሞው የሞንትጎመሪ አውራጃ ዛሬ ራሳቸውን የቻሉትን ኦካራንና ፓክፓታንን ጭምር ይይዝ ስለ ነበረ፣ በንግግራችን ውስጥ እነዚህንም አንዳንድ ጊዜ እናነሣለን።

አሁን የዚህ አገር ሰዎች ከየት ከየት እንደ መጡ እንመልከት፤ የአነጋገራቸው ልዩነት ከዚሁ የተነሣ ነውና።

ከመቶ ኀምሳ ዓመት በፊት ከወንዞቹ ራቅ ያለው መሬት ደረቅ ቍጥቋጦ የበዛበት ነበር፤ የአገሩም ሰዎች «ባር» ይሉታል። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ግመልና ከብት የሚያረቡ ጎሣዎች ናቸው። ዛሬ በወተቷ የታወቀችው፣ ወደ ኬንያ ሳይቀር ተወስዳ የረባችው የሳሂዋል ላም ዘሯ ከዚህ ነው። እንግሊዞች እነዚህን አርቢዎች «ጃንግሊ»፣ ማለት የዱር ሰዎች፣ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ስሙ የንቀት ቢሆንም አነጋገራቸውም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል፤ ሌሎችም ጃትኪ ይሉታል። እነዚህ ሰዎች «ዶላ» የሚባል ግጥም አላቸው፤ በጽሕፈት ሳይሆን በቃል ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። በ1857 ዓ.ም. በእንግሊዞች ላይ ተነሥቶ በጎጌራ አጠገብ ሲዋጋ የወደቀውን የራይ አሕመድ ኻን ኻራልን ጀግንነት የአገሩ ሰው ያቈየው በዚህ ግጥም ነው።

በ1913 ዓ.ም. ታችኛው ባሪ ዶአብ የሚባለው ትልቅ ቦይ ተከፈተ። ውሃው ከቼናብ ወንዝ ተጠልፎ ራቪን ተሻግሮ ወደ ደረቁ ሜዳ ስለ ገባ ግጦሹ ወደ እርሻ ተለወጠ። መንግሥትም መሬቱን በካሬ ከፍሎ ሕዝብ ከበዛባቸው ከአምሪትሳር፣ ከጃላንዳር፣ ከሆሺያርፑርና ከሌሎችም አውራጃዎች ለመጡ ገበሬዎችና ከጦር ሠራዊት ለተሰናበቱ ወታደሮች አደለ። አዲሶቹ መንደሮች ቻክ ይባላሉ፤ ብዙዎቹም የሚጠሩት በቍጥር ነው። ቍጥሩ ውሃው ከየትኛው የቦይ ቅርንጫፍ እንደሚመጣና ቅርንጫፉ ከዋናው ቦይ በቀኝ ወይም በግራ መሆኑን ያመለክታል። የመንደሩ ስም ቍጥር ብቻ ይሁን እንጂ፣ ሰፋሪው ይዞት የመጣው አነጋገር የትውልድ አገሩን ስም ይናገር ነበር።

ከዚያም የ1947ቱ መከፋፈል መጣ። በሁለቱም ወገን ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ከአሥር ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሕዝብም ቤቱን ጥሎ በአዲሱ ድንበር ላይ ወዲያና ወዲህ ተሻገረ። በዚህ አውራጃ የነበሩት ሲኮችና ሂንዱዎች በእግርና በጋሪ ወደ ምሥራቅ ሄዱ። በምትካቸው ከምሥራቅ ፑንጃብ የተሰደዱ እስላሞች መጥተው በተለቀቁት ቤቶች ገቡ። ከእነዚህም ጋር በዴልሂ ዙሪያ ካለው አገር ራንግሪ ወይም ሃርያንቪ የሚናገሩና ሜዋቲ የሚናገሩ ሰዎች መጡ። እንግዲህ በአንድ ቦይ ዳር፣ በተከታታይ መንደሮች ውስጥ፣ የጥንቱ አርቢ፣ የቦዩ ዘመን ሰፋሪና የ1947ቱ ስደተኛ ጎረቤታሞች ሆኑ ማለት ነው።

ልዩነቱ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ጥቂት ምሳሌ እናቀርባለን።

በላሆርና በአምሪትሳር አካባቢ የሚነገረው አነጋገር ማጅሂ ይባላል፤ በመጽሐፍና በመድረክ እንደ መለኪያ የሚቈጠረውም እርሱ ነው። በማጅሂ «ውስጥ» ለማለት «ቪች» ይላሉ። ከጃላንዳርና ከሆሺያርፑር የመጣው ግን በዶአቢ አነጋገሩ «ቢች» ይላል፤ በቃል መነሻ ላይ «ቭ»ን ወደ «ብ» መለወጥ ልማዱ ነውና። አንድ ፊደል ብቻ ናት፤ ነገር ግን ሰሚው ወዲያውኑ የተናጋሪውን አያት አገር ያውቅባታል።

ሁለተኛው ምሳሌ ገና የሚመጣውን ጊዜ የሚያመለክተው ግሥ ነው። «እሄዳለሁ» ለማለት የማጅሂ ተናጋሪ «ጃቫንጋ» ይላል። ወደ ምዕራብ በተሄደ ቍጥር ግን «ንጋ» የሚለው መጨረሻ ይጠፋና የ«ስ» ድምፅ ይተካዋል፤ «ጃሳን» ይላሉ። ወደ ሙልታን ወርዶ ሳራይኪ የሚናገረውን ሰው የሰማን እንደ ሆነ ደግሞ ግሡም ራሱ ተለውጦ «ቬሳን» ይሆናል።

ሦስተኛው የዜማ ነገር ነው። በማጅሂና በምሥራቁ አነጋገሮች የድምፅ መውጣትና መውረድ የቃልን ትርጕም ይለውጣል። «ኮራ» የምትለዋ ቃል በልክ ድምፅ ስትነገር አለንጋ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ስትነገር ፈረስ፣ በከፍተኛ ድምፅ ስትነገር ለምጻም ማለት ናት። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ ለብዙዎቻችን እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን በአገራችን በደቡብ ምዕራብ ቤንችኛ የሚናገሩ ወገኖቻችን ያውቁታል። ሳራይኪ ደግሞ ቃልን በዜማ መለየቱን አያውቅም፤ በምትኩ አየርን ወደ ውስጥ በመሳብ የሚነገሩ ድምፆች አሉት። ኦሮምኛ የሚያውቅ ተማሪ «ዸ» የሚለውን ድምፅ ቢያስብ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ይህን ሁሉ ልዩነት ለመመዝገብ በብርቱ የደከመ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ጆርጅ ግሪርሰን የሚባል አየርላንዳዊ ነው። የሕንድን ቋንቋዎች የመመርመር ሥራ በ1894 ዓ.ም. ጀምሮ በ1928 ዓ.ም. ፈጸመ፤ 179 ቋንቋዎችንና 544 ዘዬዎችንም ቈጠረ። ቋንቋዎቹን እርስ በርሳቸው ለማነጻጸር ከየአውራጃው አንድ ዓይነት ጽሑፍ በየአገሩ አነጋገር ተተርጕሞ እንዲላክለት አደረገ። የመረጠውም ጽሑፍ በሉቃስ ወንጌል የሚገኘው የጠፋው ልጅ ምሳሌ ነው። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ተማሪዎች ይህን ምሳሌ ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቃላችን እናውቀዋለን፤ ለሰዋስው ጥናት መሣሪያ ሆኖ ማገልገሉ ግን የሚያስደንቅ ነው። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ በዚያ አጭር ታሪክ ውስጥ «እኔ»ም፣ «አንተ»ም፣ «እርሱ»ም አሉ፤ ያለፈውም፣ ያለውም፣ የሚመጣውም ጊዜ ይገኛል። ያ ልጅ ተነሥቶ ወደ አባቱ ለመመለስ በልቡ ሲቈርጥ የሚናገረው በሚመጣው ጊዜ ግሥ ነው። እንግዲህ የምሥራቁና የምዕራቡ አነጋገር ከሚለያዩባቸው ነገሮች አንዱ ልጁ ወደ ቤቱ ለመመለስ በተነሣባት ቃል ላይ ይታያል ማለት ነው።

ግሪርሰን ምዕራቡን «ላህንዳ» ብሎ ጠራው፤ ምዕራብ ማለት ነው፤ ምሥራቁንም ፑንጃብኛ አለው። በሁለቱም መካከል በካርታ ላይ መሥመር አሰመረ፤ መሥመሩም የሞንትጎመሪን አውራጃ ከሰሜን ጫፉ እስከ ደቡብ ጫፉ ሰንጥቆ ያልፋል። ነገር ግን በምድሩ ላይ እንዲህ ያለ መሥመር እንደሌለ፣ አንዱ አነጋገር ቀስ በቀስ ወደ ሌላው እንደሚለወጥ እርሱ ራሱ ጽፏል። የቦዩ ሰፋሪዎችና የ1947ቱ ስደተኞች ደግሞ ያን መሥመር ፈጽመው ደባለቁት። ዛሬ ምሥራቅና ምዕራብ በአንድ ገበያ ውስጥ እህል ይሸጣሉ፤ እርስ በርሳቸውም ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደርሰናል። የሕዝብ ቈጠራ በሚደረግበት ጊዜ ከአውራጃው ሕዝብ እጅግ የሚበልጠው «ቋንቋዬ ፑንጃብኛ ነው» ብሎ ይመዘገባል። በመዝገቡ ላይ የምትታየው አንዲት ቃል ናት፤ ጃንግሊውም፣ ማጅሂውም፣ ዶአቢውም ከእርስዋ በስተጀርባ ይቀራሉ። ሳራይኪ እንኳ በፓኪስታን ቈጠራ ለብቻው የተቈጠረው በ1981 ዓ.ም. ነው። ስም ይሰበስባል፤ መሰብሰቡም መልካም ነው፤ ነገር ግን የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ ስሙ ብቻውን አያሳይም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝን ሌላ ነገር አለ። በ2023 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ በፓኪስታን ፑንጃብኛ አፍ የፈታው ሕዝብ ከመቶው 37 ያህል ሲሆን፣ ኡርዱ አፍ የፈታው 9 ያህል ብቻ ነው። ሆኖም የፑንጃብ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ፊደል የሚቈጥረው በፑንጃብኛ ሳይሆን በኡርዱና በእንግሊዝኛ ነው። ነገሩ የተጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች አገሩን በያዙ ጊዜ ኡርዱን የጽሕፈት ቤትና የትምህርት ቤት ቋንቋ ባደረጉት ጊዜ ነው፤ ፓኪስታንም ነጻ ከወጣች በኋላ እንደዚያው ቀጠለ። በሕንድ በኩል ባለው ፑንጃብ ግን ክፍለ ሀገሩ በ1966 ዓ.ም. በቋንቋ መሠረት ከተከለለ ወዲህ ፑንጃብኛ የመንግሥትና የትምህርት ቋንቋ ሆኗል። እዚያም የሚጻፈው ጉርሙኪ በሚባል ፊደል ነው፤ በፓኪስታን በኩል ያሉት ደግሞ ከፋርስ በመጣው ፊደል ይጽፋሉ። ስለዚህ በድንበሩ ወዲያና ወዲህ ያሉት ዘመዳሞች ቢነጋገሩ ይግባባሉ፤ ደብዳቤ ቢጻጻፉ ግን አንዱ የሌላውን ማንበብ አይችልም።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ወላጆች በቤታቸው እርስ በርሳቸው በፑንጃብኛ እየተነጋገሩ፣ ወደ ልጃቸው ሲዞሩ ግን ኡርዱ ይናገራሉ። ይህንንም የሚያደርጉት ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው፤ በትምህርቱ እንዳይዘገይና «ባላገር» ተብሎ እንዳይናቅ ብለው ነው። ነገር ግን ልጁ የሚማረው ኡርዱን ብቻ አይደለም፤ የአያቱ አነጋገር የሚያሳፍር መሆኑንም አብሮ ይማራል። በዚህ መንገድ አስቀድሞ የሚጠፋው ማጅሂ አይደለም፤ እርሱ ዘፋኝና ተዋናይ አለው። አስቀድሞ የሚጠፋው መጽሐፍ የሌለው፣ በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ያለው የጥንቶቹ አርቢዎች አነጋገርና ዶላ ነው።

የቋንቋ መጥፋት ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ ከአውራጃው መውጣት አያስፈልግም። በሳሂዋል አጠገብ ሃራፓ የሚባል የጥንት ከተማ ፍርስራሽ አለ፤ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት ጎዳናው በመሥመር የተዘረጋ፣ ቤቱ በጡብ የተሠራ፣ የውሃ መውረጃ ያለው ትልቅ ከተማ ነበር። ሕዝቡ በትንንሽ የድንጋይ ማኅተሞች ላይ ምልክቶችን ይቀርጽ ነበር። ያን ጽሕፈት እስከ ዛሬ ሊያነበው የቻለ የለም፤ ሕዝቡ በምን ቋንቋ ይናገር እንደ ነበረም አይታወቅም። የባቡሩን ሐዲድ የሠሩት ሰዎች ጡቡን እያፈረሱ ከሐዲዱ ሥር እንደ ጠጠር ደለደሉት። ጡቡ ሲጠፋ ከቀረው ጡብ የከተማው መልክ ሊታወቅ ችሏል፤ ቋንቋው ግን ተናጋሪው ካለቀ በኋላ ከምን ይቈፈራል?

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ነገሩ ያለ ተስፋ አይደለም። በፓክፓታን የተቀበረው ባባ ፋሪድ በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረ እስላማዊ ቅዱስ ነው፤ በስሙ የሚታወቁት የፑንጃብኛ ግጥሞች በ1604 ዓ.ም. በተሰበሰበው በሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ገቡ በሁለት ሃይማኖቶች ይከበራሉ። ከዚያው ባልራቀው በማልካ ሃንስ መንደር ደግሞ ዋሪስ ሻህ የተባለው ባለቅኔ «ሂር» የተሰኘውን ታላቅ ድርሰቱን በ1766 ዓ.ም. ፈጽሟል። የፑንጃብ ክርስቲያኖችም ኢማም ኡድ ዲን ሻህባዝ በፑንጃብኛ ግጥም የተረጐመውን መዝሙረ ዳዊት እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ይዘምራሉ። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ደንቡን አሻሽሎ፣ አባሎቹ በፑንጃብኛ፣ በሳራይኪ፣ በፖቶሃሪና በሜዋቲ እንዲናገሩ ፈቅዷል። እንግዲህ ለጸሎትና ለቅኔ የበቃ ቋንቋ ለትምህርት አይበቃም ሊባል አይገባም።

ምናልባት «ብዙ ሕዝብ ያለበት አገር መግባቢያ የሚሆን አንድ ቋንቋ ሊኖረው ይገባል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ከካራቺ የመጣው ሰውና ከፔሻዋር የመጣው ሰው የሚነጋገሩት በኡርዱ ነው፤ የሳሂዋል ልጅም ኡርዱን ባያውቅ ይጐዳል። እኛ የምንለው ሁለተኛው እንዲመጣ የመጀመሪያው ይባረር የሚል ሕግ የለም ነው። ሁለት እግር ያለው ሰው አንዱን ስላነሣ ሌላውን አይቈርጠውም፤ በአንዱ ቆሞ በሌላው ይራመዳል።

ይህ ምክር ለሩቁ አገር ብቻ የሚሆን አይደለም። ይህ ትምህርት ቤት ራሱ ብዙ አነጋገር የሚሰማበት ቦታ ነው። ከጎጃም የመጣውና ከመንዝ የመጣው አማርኛቸው አንድ ሆኖ ሳለ አንድ አይደለም፤ በቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩና አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩ ጓደኞቻችንም ብዙዎች ናቸው። በመጽሐፈ መሳፍንት እንደምናነበው፣ በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ «ሺቦሌት» ማለት አቅቶት «ሲቦሌት» ያለ ሰው ነፍሱን ያጣ ነበር። በትምህርት ቤት ግቢ በሰው አነጋገር የሚስቅ ተማሪ ሰይፍ አልያዘም፤ ነገር ግን ሌላው ተማሪ በክፍል ውስጥ እጁን ማንሣት እንዲፈራ፣ መልሱንም እያወቀ ዝም እንዲል ያደርገዋል። ዝም ካለ ተማሪ ደግሞ መምህሩም ጓደኛውም የሚያገኙት ትምህርት የለም።

ስለዚህ ከእኛ በኋላ በዚህ ትምህርት ቤት ለምትቀሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ሥራ እንተውላችኋለን። በሚመጣው የክረምት ዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ ከአያቶቻችሁ አንደበት በትምህርት ቤት ሰምታችሁት የማታውቁትን አሥር ቃል በደብተር ጽፋችሁ ተመለሱ። ከቃሉ ጋር የተናገረውን ሰው አገርና ትርጕሙን ጻፉ። ግሪርሰን ሥራውን የፈጸመው ከየአውራጃው በተላኩለት እንዲህ ባሉ ወረቀቶች ነው። የመቶ ተማሪዎች ደብተር ቢሰበሰብ አንድ ሺህ ቃል ይሆናል፤ የትምህርት ቤታችንም ቤተ መጻሕፍት በሌላ ስፍራ የማይገኝ መጽሐፍ ይኖረዋል።

ወላጆቻችን ሆይ፤ እናንተም ለልጆቻችሁ የትምህርት ቤቱን ቋንቋ አብዝታችሁ ተመኙላቸው፤ የቤታችሁን ቋንቋ ግን አትንፈጓቸው። እርሱን ሊያስተምራቸው የሚችል ሌላ መምህር የለምና።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።